ለመሮጥማ በቆጂ ይበቃን ነበር

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተማክራችሁ የጻፋችኋቸው ይመስላሉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ 2፡30 ናቸው። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሞንጎምሪ ካውንቲ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጠዋት 7፡45 ገብቶ ከቀኑ 2፡30 ይለቀቃል። በፈረንጅ ሰዓት ነው የማወራው። የሀበሻ ሰዓቴ አሁን የሚሠራው ለቅዳሴ ብቻ ነው። እና ደወሉ ከተደወለ በኋላ ልጁ የት ነው? ለምን ቀጥ ብሎ ቤቱ አይገባም? ይኸው ነው የሁላችሁም ጥያቄ።

ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። በካውንቲው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ሦስት ልጆችም እዚሁ አሳድጌአለሁ። ካውንስለር፣ ማለትም የተማሪ አማካሪ፣ አይደለሁም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም። ጓንት አድርጌ ትሪ ላይ ምግብ የማወጣ ሴትዮ ነኝ። ግን ትሪ ይዞ ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ ፊቱ ብዙ ያወራል።

*

«ይድረስ ለእህታችን። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ኡበር እነዳለሁ። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ከ3 እስከ 11 ትሠራለች። ትልቁ ልጃችን አሥረኛ ክፍል ነው። ዘንድሮ ትምህርት ሳይከፈት፣ ገና በኦገስት፣ ክሮስ ካንትሪ የሚሉት ሩጫ ገባ። አለቀ ስንል አሁን ደግሞ ‹ኢንዶር ትራክ ልግባ› ይላል። ቲያትርም አምሮታል። ቤት የሚገባው 5፡30 ነው። ታናናሾቹ ሁለተኛ ክፍልና ኬጂ ናቸው። አምና ከአውቶቡስ የሚቀበላቸው እሱ ነበር። ዘንድሮ እኔ ሥራዬን አቋርጬ እመጣለሁ፣ ያውም ገበያው በሚደራበት ሰዓት። እኛ እዚህ አገር የመጣነው ልጆቻችን እንዲማሩ ነው። ለመሮጥማ በቆጂ ይበቃን ነበር። ላስቁመው ወይስ ልተወው? — ግራ የገባው አባት»

ወንድሜ፣ በቆጂን ካነሱ ከዚያው ልጀምር። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ከኋላዋ በቆጂ ላይ የቀረ አንድ ሰው ነበር። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ። ሰውየው የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር ነበሩ። ቀነኒሳም ጥሩነሽም በእጃቸው አልፈዋል። ልጅዎ ቀነኒሳ ይሆናል ማለቴ አይደለም፣ የኔም አልሆነም። እነዚያን ልጆች ከሌላው ለይቶ ያየ ዓይን የመምህር ዓይን ነበር ለማለት ነው። ከዚህ በታች የምነግርዎት ነገር ሁሉ ስለዚያ ዓይን ነው።

ትልቋ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ይርቡክ ገብታ ነበር። በየዓመቱ መጨረሻ ለተማሪው የሚታተመው ፎቶ የሞላበት መጽሐፍ ነው። እሷ ፎቶ አንሺ ነበረች። ካሜራው የትምህርት ቤቱ ነው፣ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቤት ድረስ ይዛው ትመጣለች። እኔ ያኔ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ታናናሾቿን የሚይዝልኝ ስላልነበረ አስቆምኳት። «ፎቶ ማንሳት ሰርግ ላይም ይደርሳል» አልኳት። ቃል በቃል ይህንን ነው ያልኩት፣ አልረሳውም።

አልተከራከረችኝም። በየቀኑ 3 ሰዓት ቤት ትገባለች፣ ታጠናለች፣ ልጆች ታበላለች። ውጤቷ ሁሉም ኤ ነው። እኔም ለሰው ሳወራ አፌን ሞልቼ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ኦክቶበር ላይ፣ የኮሌጅ ማመልከቻ መጣ። መምህር የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። ከሥራ ስመለስ ማድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ መብራት እንኳ አላበራችም። «እማዬ፣ የሚያውቀኝ መምህር የለም» አለችኝ።

አራት ዓመት! አንድ ቀን ሳትቀር፣ አንድ ቀን ሳታረፍድ። ካውንስለሯ በመቶዎች የሚቆጠር ልጅ ነው የያዘችው፣ በምን ታውቃት? በመጨረሻ የሒሳብ መምህሯ ጻፈላት። ምን እንደጻፈ አላየሁም። «ጎበዝ ናት፣ ዝምተኛ ናት» ከማለት ሌላ ምን ይበል? ልጅቷ ኮሌጅ ገብታለች፣ ዛሬ ነርስ ናት፣ የጎደለባት ነገር የለም። ግን ይርቡኳን አንድ ቀን ገልጬ አየሁት። ዘጠነኛ ክፍል ያነሳቻቸው ፎቶዎች አሉ፣ ከሥራቸው በትንሹ ስሟ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት መጻሕፍት ያለችው እንደ መታወቂያ ፎቶ በተደረደረው የክፍሉ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ አይደለም። የኔ ነው።

ሁለተኛው ልጄ እንደ ልጅዎ ሯጭ ሆነ። እሱን አልከለከልኩትም፣ ግን ሄጄም አይቼው አላውቅም። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ቅዳሜ «የካውንቲው ውድድር ነው፣ ጌተርስበርግ፣ ቦረር ፓርክ፣ ነይ» አለኝ። የዚያን ቀን ሥራ አልነበረኝም፣ ሰበብ አጣሁ። ድፎ ዳቦ ቆርጬ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዤ ሄድኩ። ስታዲየም መስሎኝ የሚቀመጡበትን ብፈልግ የለም። ሣር ነው፣ ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው። ወላጁ ሯጮቹን በየመታጠፊያው ለማየት ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሮጣል። እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን ነው ያደረግኩት።

ልጄ መጣ። ደረቱ ላይ ያለው ቁጥር በአራት መርፌ ቁልፍ ተይዟል፣ አንዱ ተፈቶ ይንጠለጠላል። ከፊቱ በጣም ብዙ ልጅ አለ። እኔ አፈርኩ። ሀበሻ ከፊት ያለውን ብቻ ነው ማየት የለመደው። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴትዮ ግን ስሙን ጠርታ ጮኸችለት። መጨረሻውን ቆርጣ ጥላዋለች፣ ግን ስሙን ታውቃለች። «አምስተኛችን እሱ ነው!» አለችኝ ወደኔ ዞራ።

በክሮስ ካንትሪ ከአንድ ትምህርት ቤት ሰባት ልጅ ይሮጣል። የመጀመሪያዎቹ አምስት የገቡበት ደረጃ ይደመራል፣ ትንሽ ድምር ያመጣ ያሸንፋል። ስለዚህ አንደኛው ልጅ ምን ቢፈጥን አምስተኛው ከተጎተተ ቡድኑ ገደል ገባ። ያች ሴትዮ ይህንን ሁሉ ዳቦዬን እየበላች አስረዳችኝ። የሦስተኛው ሯጭ እናት ናት። ለካ ዝናብ በጣለ ቁጥር ልጄን ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ስታደርስልኝ የኖረችው እሷ ናት። እኔ በአውቶቡስ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ምን እንደምል ጠፋኝና የቀረውን ዳቦ ከነፌስታሉ ሰጠኋት።

የእሱን የድጋፍ ደብዳቤ ማን እንደጻፈው መናገር ያስፈልገኛል? ኮቹ ታሪክ አስተማሪ ነበር።

አሁን ወደ ቤትዎ ልምጣ። ምክንያቱም የእርስዎ ችግር ሩጫው አይደለም፣ የሁለቱ ሕፃናት ከአውቶቡስ መውረድ ነው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ እንደ ትምህርት ቤቱ 3፡25 ወይም 3፡50 ይለቀቃል። ፕራክቲስ ደግሞ የሚያልቀው 5 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ክፍተት በተግሣጽ አይሞላም። እኔ ብሆን ይህን አደርጋለሁ። እናንተ አፓርትመንት ውስጥ ሌላ ሀበሻ ቤተሰብ የለም? ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያላገኙ እንደሆነ እኔን ይጥሩኝ። ትናንሽ ልጆች ካላቸው እንደ እቁብ ተራ ግቡ። ሰኞና ማክሰኞ የእነሱን እናንተ፣ ረቡዕና ሐሙስ የእናንተን እነሱ። አርብን ለልጅዎ ይተዉት። እሱ ራሱ ኮቹን ያናግር፦ «አርብ አርብ እህቴንና ወንድሜን መቀበል አለብኝ» ይበል። እርስዎ አይናገሩለት፣ እሱ ይናገር። ቤተሰብ መርዳትን የማይረዳ ኮች አለ፣ የለም አልልም፣ ግን እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ይረዳሉ። ክሮስ ካንትሪና ትራክ ደግሞ እንደ ቅርጫት ኳስ አሥራ ምናምን ልጅ መርጦ ሌላውን የሚያባርር ስፖርት አይደለም፣ ብዙ ቦታ የመጣውን ሁሉ ነው የሚቀበለው።

ሁለተኛ፣ ወቅቱን ያማርጡት። ስፖርቱ ሦስት ወቅት ነው። የመጀመሪያው በኦገስት ይጀምራል፣ የብርዱ፣ ያ ኢንዶር ትራክ ያሉት፣ በኖቬምበር አጋማሽ፣ ሦስተኛው በማርች። ሦስቱንም መሮጥ ግዴታ አይደለም። «ብርዱን ቤት ሁንልኝ፣ ማርች ላይ ተመለስ» ቢሉት ፍትሐዊ ስምምነት ነው። ቲያትሩን ግን በዚያው ወቅት ከሩጫ ጋር አይደርቡለት። ትርኢቱ ሲቃረብ ልምምዱ እስከ ማታ ነው፣ እዚያ ላይ አዝናለሁ፣ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ወይ ይሄ ወይ ያ ይበሉትና ምርጫውን ለእሱ ይተዉ። አምስት ክለብ ስሙን አስመዝግቦ አንዱም ጋ የማይገኝ ልጅ በየቀኑ አያለሁ። የክለብ ፎቶ ቀን ብቻ ፀጉሩን ተቆርጦ ይመጣል።

ትምህርቱ እንዳይጎዳ ከፈሩ፣ ካውንቲው ራሱ አጥር አለው። ስፖርትም ሆነ ሌላ ከትምህርት በኋላ ያለ ውድድር ላይ ለመሳተፍ አማካይ ውጤቱ ከ4.0 ቢያንስ 2.0 መሆን አለበት፣ ከአንድ በላይ ኢ ማምጣትም አይቻልም። ልብ ይበሉ፣ በዚህ ካውንቲ የወደቀ ልጅ የሚያገኘው ኤፍ ሳይሆን ኢ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ልጇ ሁለት ኢ ሲያመጣ «ኤክሰለንት» ብሏት ኖሮ ዶሮ ወጥ ሠርታለታለች። ፓረንት ቪው የሚባለውን ስልክዎ ላይ ያውርዱ፣ ውጤቱን ሳይጠይቁት ያዩታል። 2.0 ለእርስዎ ዝቅ ካለ የራስዎን አጥር ያስቀምጡ። እኔ ቤት ከ3.0 ከወረደ የሩጫ ጫማው የመኪና ኮፈን ውስጥ ይገባ ነበር። አንዴ ገብቷል፣ ለሦስት ሳምንት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበርና። አብዛኛው ልጅ ለኮሌጅ የሚያመለክትበት ኮመን አፕ የሚባል የጋራ ማመልከቻ አለ። እዚያ ላይ ልጁ ከክፍል ውጭ የሚሠራውን የሚጽፍበት 10 ቦታ አለ። አሥሩን መሙላት ግዴታ አይደለም። ከሚመረጡት ዓይነቶች አንዱ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የቤተሰብ ኃላፊነት። ታናናሾችን ከአውቶቡስ መቀበል፣ ማብላት፣ የቤት ሥራ ማሠራት እዚያ ይጻፋል። ደመወዝ የሚከፈለው ሥራም እንደዚያው። ትልቋ ልጄ ይህንን አላወቀችም ነበር። አራት ዓመት ሁለት ልጅ አሳድጋ ቦታውን ባዶ ትታው ላከችው።

እና ወንድሜ፣ አያስቁሙት። አንድ ቅዳሜ ኡበሩን አጥፍተው ይሂዱ። ጫማ ብቻ ይቀይሩ።

*

«እትዬ፣ ከጀርመንታውን ነኝ። ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነው። ልጄን 75 ሰዓት ያለ ክፍያ ካልሠራህ አትመረቅም አሉት። ይህ ነገር ሕጋዊ ነው? የት ነው የሚሠራው? ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነው፣ ያ አይቆጠርለትም?»

ሕጋዊ ነው እህቴ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1992 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ለመመረቂያ ግዴታ ያደረገች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት። በካውንቲያችን 75 ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ኤስ ኤስ ኤል ይሉታል። ግን አትደንግጪ። አንድ ልጅ አምስተኛ ክፍል ከጨረሰበት ክረምት ጀምሮ መሰብሰብ ይችላል፣ የተወሰነው ሰዓት ደግሞ በክፍል ውስጥ ትምህርት አብሮ ይያዛል። ልጅሽ ዘግይቶ ስለመጣ እስካሁን ምን ያህል እንደተያዘለት ካውንስለሩን ጠይቂ። ግማሹ መንገድ ተሄዶ ሊሆን ይችላል።

ዲቁናው አይቆጠርም። አምልኮ የሆነ ነገር አይያዝም። ያው ቤተ ክርስቲያን ለተቸገረ ሰው ምግብ የሚያድል ከሆነ ግን፣ ያ ሥራ አስቀድሞ ከተፈቀደ ሊቆጠር ይችላል። «አስቀድሞ» የሚለውን አስምሪበት። የኔ ትንሹ አንድ ሙሉ ክረምት ከሠራ በኋላ ነው ድርጅቱ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ያወቅነው። 40 ሰዓት ውሃ በላው። ቤተ መጻሕፍት ይጠይቅ፣ የምግብ ባንክ ይጠይቅ፣ ፎርሙን ያስፈርም፣ ኮፒውን አንቺ ጋ አስቀምጪ። ለመሄጃው አታስቢ፣ ራይድ ኦን የሚባለው የካውንቲው አውቶቡስ ለተማሪ ነፃ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጋር ለመነጋገር እንግሊዝኛ ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። አማርኛ ካውንቲው ወረቀቶቹን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ውለታ አይደለም፣ አትሽኮርመሚ።

*

ሦስተኛው ደብዳቤ ከአንዲት ልጅ ነው። ግማሹን በላቲን ፊደል ነው የጻፈችው፣ እኔ ወደ ፊደላችን መለስኩት።

«አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። የኛ ስኩል የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ክለብ አለው። ግን የምንሰበሰበው ኢንተርናሽናል ናይት ሲደርስ ብቻ ነው፣ እስክስታ ለማጥናት። እኔ ሌላ ነገርም እንድንሠራ ነው የምፈልገው፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ደግሞ እናቴ ከትምህርት በኋላ መቆየት አትፈቅድልኝም። ክለብ ማለት ጭፈራ ቤት ይመስላታል፣ እውነቴን ነው።»

የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ስለ እናትሽ። በኛ አማርኛ «ክለብ» ሲባል እውነትም ሌላ ነገር ነው የሚታየን። «ክበብ» በያት። እሷም አገር ቤት ስትማር ክበብ ነበራት። የቀይ መስቀል ክበብ፣ የቋንቋ ክበብ፣ ፀረ ኤድስ ክበብ። እኔ ደሴ ስማር ሚኒ ሚዲያ ነበርኩ። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አሮጌ ማጉያ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ። በዕረፍት ሰዓት ግጥም እናነባለን፣ «የጠፋ መታወቂያ ያገኘ» እንላለን። አንድ ቀን ማይኩ መከፈቱን ሳላውቅ ስለ ርእሰ መምህሩ ኮት ያወራሁት ግቢው ሙሉ ሰማው። እናትሽን ጠይቂያት፣ የምትነግርሽ ታሪክ አታጣም። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ ይቀልላል።

ደግሞ ከትምህርት በኋላ መቆየት ላያስፈልግሽ ይችላል። እዚህ ካውንቲ ብዙ ክለቦች የሚሰበሰቡት በምሳ ሰዓት ነው። እኔ ከመስኮቴ አያቸዋለሁ። ፒዛቸውን በናፕኪን ይዘው ደረጃውን ሲወጡ። የሚፈቅድላችሁና ክፍሉን የሚከፍትላችሁ አንድ መምህር ስፖንሰር ማግኘት ነው። ሌላ ሌላ ክለብ እየፈቀዱ እናንተን ብቻ መከልከል አይችሉም፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ለጸሎት መሰብሰብ የሚፈልጉ ተማሪዎችም በዚሁ ሕግ ነው ክፍል የሚሰጣቸው።

ምን እንሥራ ላልሽው፣ የማየውን ልንገርሽ። በየዓመቱ፣ አንዳንዴ በዓመቱ አጋማሽ፣ ከአገር ቤት በቅርብ የመጡ ልጆች ይገባሉ። ሰልፍ ላይ ለይቼ አውቃቸዋለሁ። የምሳ መለያ ቁጥራቸውን፣ ኮድ የሚሉትን፣ ሲጫኑ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሥጋው የምን እንደሆነ መጠየቅ ያፍራሉ፣ ስለዚህ ፖም ብቻ አንስተው ይሄዳሉ። የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ነው። አንዱን ባለፈው በአማርኛ «ምስር አለ፣ ጾም ነው» ስለው ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፣ ጢም ጀምሮታል። እናንተ እስክስታ የምታጠኑት ከዚያ ጠረጴዛ ሃያ እርምጃ ርቃችሁ ነው። ትሪሽን ይዘሽ ሂጂና እዚያ ተቀመጪ። ኮዱን አሳዪው፣ ሎከሩን መክፈት አስተምሪው፣ የትኛው አስተማሪ እንደሚቆጣ ንገሪው። እስክስታውንም አትተዉ፣ ባለፈው ዓመት አይቻችኋለሁ፣ ትከሻችሁ ገና ነው። አዲስ የመጡት ያስተምሯችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ነገር የማደራጀት ፍቅር ካለሽ። የካውንቲያችን የትምህርት ቦርድ ላይ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተማሪ ወንበር አለው። የሚመርጡት ራሳቸው የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። የኛ ልጅ እዚያ ስትቀመጥ ሳላይ ጡረታ መውጣት አልፈልግም።

*

ቦታ እያለቀብኝ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከአስፐን ሂል ናት፦ «ልጄ በማርች ትራክ ይጀምራል። ዐቢይ ጾም ደግሞ ያኔ ነው። እሱ አልፈታም ይላል፣ እኔ ፈራሁ። ምን ላብላው?»

መጀመሪያ የንስሐ አባቱን ያናግር፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። ሐኪሙንም ጠይቂ። ለስፖርት የሚሞላ የምርመራ ፎርም ስላለ የምትሄጂበት ሰበብ አለሽ። ኮቹም ይወቅ፣ ፕራክቲስ ላይ ቢደክም ሰነፍ እንዳይለው። የሙስሊም ልጆች በረመዳን ሲሮጡ ያየ ኮች ጾም አዲስ አይሆንበትም። ምግቡን በተመለከተ፣ ፍትፍት ሽሮ ጠዋት፣ የለውዝ ቅቤ በዳቦ ቦርሳው ውስጥ፣ ቆሎ ኪሱ ውስጥ፣ ተልባ ማታ። ከሁሉ በላይ ግን በሶ።

የኔ ልጅ በሶውን በውሃ ኮዳ በጥብጦ፣ ጨውና ትንሽ ስኳር ጨምሮ ይወስድ ነበር። ቡናማ ነገር ሲጠጣ ያየ ሁሉ ምንድን ነው ይለዋል። አንድ ቀን ኮቹ ቀመሰውና የት ይገዛል አለ። እኔ ደስ ብሎኝ ሁለት ኪሎ ዱቄት በፕላስቲክ ላኩለት። በሳምንቱ ሲያገኘኝ አመሰገነኝ። በፈላ ወተት እያበሰለ፣ ሙዝ እየቆረጠበት፣ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ እየበላው ነው። «በጣም ጥሩ ገንፎ ነው» አለኝ። እኔም አላረምኩትም።